የቤት ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ደረጃው ላይ የተቀቀለ ዱቄት ሸተተኝ። ገንፎ አይደለም። ባዶ የስንዴ ዱቄት በውሃ ተማስሎ፣ እሳት በዝቶበት ከሥሩ ትንሽ ያረረ ሙጫ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አሽትቼው አላውቅም፤ እጄ ግን ቀድሞኝ አወቀው። ጣቶቼ እርስ በርስ የተጣበቁ መሰለኝና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኳቸው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ ወረቀት ትለጥፋለች።

"ይቅርታ ማዘር፣ ፕላስተር አልቆብን ነው። ግድግዳውን አናበላሽም።"

የምርጫ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው። የክብር እንግዳው ፎቶ ከላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ አንገቱ ወፍሯል፣ ሸሚዙ አሁንም ነጭ ነው። አወቅኩት። ልጅቷ በሌላ እጇ የያዘችውን ቅጽ ዘረጋችልኝ። ስም፣ ስልክ፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ ፊርማ ይላል።

"የቤት ቁጥሩ ለምንድነው?" አልኳት።

"እንዲሁ ነው ማዘር፣ ለዳታ።"

አልፈረምኩም። ለምን እንዳልፈረምኩ ለመስማትም አልቆመችም፤ እኔም ሰው ደረጃ ላይ አቁሜ ታሪክ የማወራ ሴት አይደለሁም። እዚህ ልጻፈው። የማንንም ስም አልጠራም። የሚያውቁ ያውቃሉ፤ እሱም ካነበበው ራሱን አያጣውም።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ዛሬ ሰፈሩ ፈርሶ አስፋልትና ሣር ሆኗል፤ እኛም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ በክረምት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን የምናልፈው ጠባብ መንገድ ነበር። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሊያርፍ ከጣራችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ወሬ ይቋረጣል። የሰፈሩ ሰው ንግግሩን መሃል ላይ አቁሞ፣ አውሮፕላኑን አሳልፎ፣ ካቆመበት መቀጠል ያውቅበት ነበር።

ያኔ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ አላገባሁም፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነበር። አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ሲሞት፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ መዝገቡ ለእኔ ተሰጠ። ለሴት መሰጠቱን ያልወደዱ ነበሩ። በማስመሪያ እያሰመርኩ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት እያልኩ አጥርቼ ስጽፍ ግን እነሱም ዝም አሉ። በእድር የቤት ቁጥር የግድ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት እንደሚተከል የሚታወቀው በእሱ ነው። ሌላም ልማድ ነበረን። ጸሐፊው የራሱን ስም የሚያሰፍረው ከሁሉም በኋላ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ነው። አባቴ "ጸሐፊ ራሱን አያስቀድምም" ይለኝ ነበር።

በዚያ የምርጫ ዓመት አንድ አዲስ ፓርቲ ወደ ሰፈራችን መጣ። ምልክቱ ወንፊት ነበር። የአካባቢው ሰብሳቢ፣ ያ የፎቶው ሰውዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል የሚሠራ፣ ድምፀ መልካም ሰው ነበር። በስብሰባ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ እንደ እኛ አፉን ዘግቶ አይጠብቅም። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። አውሮፕላኑን እሱ ያሰናበተው ይመስል ነበር። ሰው ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። "እርስዎ" ማለቱን ትቼ "አንተ" ያልኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሙጫውን የማበስለው እኔ ነበርኩ። ዱቄቱን የሚያመጣልኝ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ዱቄት ፋብሪካ ጥበቃ ስለነበር ከወለል የተጠረገውን ይሰጡታል። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበር፤ መፋቂያ ከአፉ አይለይም፤ ሲስቅ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። "ጡሩምባ በሳንባ የሚነፋ ይመስልሻል? በጥርስ ነው! ከንፈር ጥርስ ላይ ካልተደገፈ ነፋስ እንጂ ድምፅ አይወጣም" ይለኝ ነበር። ገና ሊነጋጋ ሲል ድስቱን ይዘን እንወጣና በየአጥሩ እየለጠፍን እስከ ላምበረት እንዘልቃለን። ወደ ደሴ የሚሳፈሩ ሰዎች ከነጓዛቸው ቆመው ያዩናል። ጭሱ፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ በብርዱ ውስጥ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ዛሬም ፊቴ ላይ አለ።

አንዲት ጎመን የምትሸጥ ሴት ወረቀቱን አይታ፣ "ወንፊት? ቤቴ ያለው ይበቃኛል!" አለች።

"ያንቺ ዱቄት ነው የሚነፋው፤ የእኛ ባለሥልጣን!" አላት ሽማግሌው።

"ባለሥልጣን በወንፊት አያልፍም አባባ፤ ወፍራም ነው!"

"እኛስ የምንፈልገው እንዳያልፍ አይደል?"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ምርጫው ሲቃረብ ሰብሳቢው የደጋፊዎችን ስም እንድመዘግብ ነገረኝ። "ስምና ፊርማ ብቻ ይበቃል" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ይህን ብሎኛል። እኔ ግን የእድር ጸሐፊ ነኝ። ግማሹን ሰው በመዝገብ ስሙ ማን ያውቀዋል? የእገሌ እናት፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለወፍጮዋ እየተባለ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ከስሙ ጎን የሚጠራበትን፣ ከእሱ ጎን ደግሞ የቤት ቁጥሩን ከእድሩ መዝገብ እየቀዳሁ አሰፈርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ባዶ ዓምድ ማየት አልወድም ነበር።

ጡሩምባ ነፊው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል።

"ልጄ፣ ቤቴን ምን ያደርጉታል? ሊቀብሩኝ ነው እንዴ?"

"ሥርዓት ነው አባባ" አልኩት። ሳቅኩኝ። እሱም ሳቀና መዝገቡን ሳልገልጥ ቁጥሩን ራሱ ነገረኝ፤ ጣቱንም አሳረፈ።

ደብተሩ ሲሞላ እንደ አባቴ የመጨረሻውን መስመር ለራሴ ትቼ ነበር። ሰብሳቢው እሑድ ከሰዓት ሊወስደው መጣ። ገጾቹን አገላበጠና፣ "እንዲህ ያለ ሥራ ዋናው ጽሕፈት ቤትም የለም" አለኝ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

"ቆይ፣ እኔ አልፈረምኩም።"

"አንቺ ደግሞ ፊርማ ያስፈልግሻል እንዴ? አንቺማ ቤተኛ ነሽ።"

ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ።

ከምርጫው በኋላ ከተማው ታወከ። ሱቆች ተዘጉ፣ ታክሲ ጠፋ። ሰብሳቢው ተያዘና በአራተኛው ቀን ተለቀቀ። ኢምፔሪያል አጠገብ አየሁት፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነበር፤ እንዳላየኝ ሆኖ አለፈ። ከሳምንት በኋላ የመንግሥት የጸጥታ ሰዎች ሰፈራችን መጡ። የማንንም ቤት ማንንም አልጠየቁም። ከደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ፣ ከመጀመሪያው ቤት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። በራችን ሥር ቆሜ፣ በራሴ ጽሕፈት ቅደም ተከተል ጎረቤቶቼ ሲወሰዱ አየሁ።

በእጃቸው ያለው የእኔ ደብተር ለመሆኑ ማስረጃ ቢያስፈልገኝ እሱም ነበር። ስቀዳ አንዱን ቁጥር ተሳስቼ ነበር፤ አንድን ሰባት አድርጌዋለሁ። በዚያ ቁጥር ቤት የምትኖረው ጥልፍ ጠላፊዋ ነበረች፤ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለ ወንፊትም ስለ ምርጫም የምታውቀው ነገር የለም። አንኳኩ፤ አልሰማችም። በሩን ሰበሩት። ወንድሟን ይዘውት ሄዱ።

የእኛን በር ማንም አላንኳኳም። ስሜ ደብተሩ ላይ የለማ።

ሰፈሩ ከዚህ ምን እንደሚረዳ መገመት አያቅትም። እድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢውም መጣ፤ እጁን የሚያነሣለት አውሮፕላን አላለፈም፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው ነበር። "እኔም ታስሬያለሁ። ደብተሩ ከእኔ እጅ ገብቶ አያውቅም። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ" አለ። ብድግ ብዬ፣ "እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጥተህ ወስደሃል! እናቴ አይታለች!" አልኩ። እናቴ ልትመሰክር ስትነሣ የባለወፍጮዋ ባል ከኋላ ጮኸ።

"የወሰደውን ተይው። የቤት ቁጥሩን ማን ጻፈው?"

ተቀመጥኩ። መዝገቡን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ እናቴንና እኔን ከእድሩ ሰረዙን። እኔ ራሴ ባሰመርኩት ገጽ፣ በእኔው ማስመሪያ ነው የሰረዙን።

ሰብሳቢው ብዙ አልቆየም። ወደ ተወለደበት ክልል ሄደና ሲቃወመው የነበረውን ፓርቲ ተቀላቀለ። ጥቂት ቆይቶ የክልሉ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ቀጥሎ የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ፣ ቀጥሎ የቢሮ ኃላፊ። በቴሌቪዥን ባየሁት ቁጥር እናቴ "አጥፊው" ትለኝ ነበር። እኔ አላጠፋም። እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። ለመግቢያው ምን ይዞ እንደሄደ የማውቀው እኔ ነኝ፤ መስመሩ ሳይዛነፍ ያዘጋጀሁለትም እኔው።

ጡሩምባ ነፊው ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰ። መንገድ ላይ ሳገኘው በእጁ አፉን ሸፍኖ ሰላም አለኝ። የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም፤ የላዩም የታቹም። መፋቂያው ግን ኪሱ ውስጥ ይታይ ነበር።

እናቴ ያረፈችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኅዳር፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ብርድ ነበር። ማንን እንደምጠራ አላወቅኩም፤ ከእድር የወጣ ሰው ሲሞትበት የሚያደርገውን ማንም አላስተማረኝም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከታች መንገድ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ድምፅም አይባል፤ በስንጥቅ በር የሚገባ ነፋስ ይመስላል። እሱ ነው። ለቅሶዬን ሰምቶ ኖሮ የእድሩን ጡሩምባ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይነፋል፤ አየሩ በድዱ በኩል ይወጣል። ያወርደውና በተንሻፈፈ አንደበት የእናቴን ስም ይጣራል። "አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት ነው!" ከዚያ ደግሞ ያነሣዋል። ለተሰረዘ ሰው ጡሩምባ መንፋት በእድሩ እንደሚያስጠይቀው ያውቃል። ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ዞረው።

ማንም አልመጣም። መስኮት ተከፍቶ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። በዚያ ሰፈር ድመት ብትሞት እንኳ ያለ ጡሩምባ ይሰማ ነበር። አስከሬኑን የተሸከሙት እሱ፣ አጎቴ፣ ከእስር የተፈታው የጥልፍ ጠላፊዋ ወንድምና ከመንገድ የለመንነው አንድ የቀን ሠራተኛ ናቸው።

ከቀብር ስንመለስ እኔና ሽማግሌው ባዶው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ድንኳን የለም። ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በኮቱ እጅጌ ይወለውለዋል።

"አባባ፣ የቤት ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ። አጠገብሽ አልነበርኩም እንዴ? የነገርኩሽስ እኔው አይደለሁም?"

አውሮፕላን አለፈ። ሁለታችንም እንደ ሰፈሩ ሰው አፋችንን ዘግተን ጠበቅን። ድምፁ ሲርቅ በእጁ አፉን ሸፍኖ ወደ ተዘጉት በሮች አየና እንዲህ አለኝ።

"አልሰሙም ልጄ። እንዳትቀየሚያቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥርስ ከሌለ ድምፅ አይወጣም።"

"አዎ አባባ፣ አልሰሙም" አልኩት።