አባቴን ሜዳ ላይ ያላየው የለም

አባቴ የገና ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ ከበቅሎ ወድቆ ጉልበቱ አንዴ ተበላሽቷል። መጮህ ግን ይችላል፤ ኧረ እንዴት አድርጎ! የኛ ወገን፣ ማለትም ታች ቤት፣ ሩሯን በቆልማማ ዱላ እየመታ ወደ ላይ ሲገሰግስ አባቴ በሜዳው ዳር እያነከሰ እኩል ይሮጣል። ነጠላው ይወድቃል፣ አያነሳውም። የላይ ቤቶችን መሪ፣ አበጋዙን፣ ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል። እሳቸውም አይቀየሙም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው ተረቱ። በዚያ ቀን ተማሪ መሪጌታውን ቢሰድብ እንኳ የሚጠይቀው የለም።

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አባቴ አምስት ዓመት የተፈረደበት "እዚያ ሜዳ ላይ አልነበርክም" ተብሎ ስለሆነ ነው። እሱ! ሜዳ ላይ አልነበረም!

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራችን ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው በኩል ናት። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ጠራ። በገና ዕለት! አባቴም ሰው በተሰበሰበበት፣ "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሩርና ስብሰባ አንድ ቀን ከዋሉ ሰዉ ሩሯን ነው የሚመርጥ። ራስህን አታስንቅ" አለው። ሰዉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። አባቴ ያለው ግን አልቀረም፤ በዕለቱ ስብሰባው ላይ የተገኙት ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ጆሯቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ አሉ። ሌላው ሜዳ ነበር። እኔም ነበርኩ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል የላይ ቤቱ አበጋዝ ሩሯን ከግርግሩ መሀል አውጥተው ድንበራችንን አሳለፏት። ላይ ቤቶች ሜዳውን በጩኸት አናወጡት። አባቴ መሀል ገብቶ አበጋዙ ወገባቸው ላይ የታጠቁትን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

"በእግርህ ነው የገፋሃት! በዱላ አልመታሃትም!"

"ሂድ ዓይንህን ታጠብ!"

"ታጥቤ ነው ያየሁህ!"

ሲጓተቱ ጋቢው ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ሰዉ ሊገላግል ተንጋግቶ ገባ። አባቴም ከንዴቱ ብዛት አለቀሰ። ትልቅ ሰው ለሩር ብሎ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አፍሬ ነበር። አሁን አላፍርም።

ሁለቱን ገና እየገላገሉ ሳለ ነው አንዱ "ጭስ!" ብሎ የጮኸው። ሁላችንም ዞረን አየን። የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ይነድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴን ወሰዱት። የመጋዘኑ ዘበኛ፣ "ችቦ ይዞ እያነከሰ ሲሸሽ አይቸዋለሁ" ብሎ መሰከረ። ዘበኛው ራሱ እሳት ሲሞቅ እንቅልፍ ጥሎት እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያወራል፤ ግን በሹክሹክታ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ አባቴ ስለ ስብሰባው የተናገረውን አነሳና፣ "ይኸው ዛቻው" አለ።

ላሊበላ ፍርድ ቤት ነገሩ የታየ ዕለት የመንደራችን ሰው አግዳሚውን ሞልቶት ነበር። ዳኛው፣ "የት ነበርክ?" አሉት።

"ገና ላይ።"

"ማን አየህ?"

አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተ። "ሁሉም" አለ።

"ሁሉም የሚባል ምስክር የለም። ስም ጥራ።"

"ስም አልጠራም ጌታዬ። ያየ ይነሳ።"

ማን ይነሳል! "አየሁት" ያለ ሰው "እኔም ስብሰባውን ጥየ ሜዳ ሄጃለሁ" ማለቱ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ በአንድ እያያቸው ነበር። ፀረ አብዮት የተባለ ሰው ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ያውቃል። ፈሩ። መፍራታቸው ይገባኛል። ያልገባኝ የአጎቴ ነገር ነው። የእናቴ ወንድም የታች ቤት ተጫዋች ነው፤ አባቴን ከአበጋዙ ጋቢ ላይ ያላቀቀው በገዛ እጁ ነው። አባቴ ሲያየው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። በረባሶ ነበር ያደረገው። በረባሶ ምን ክር አለው?

አምስት ዓመት!

እኔ ትምህርቴን የምማረው አክስቴ ዘንድ ላሊበላ ተቀምጨ ነው፤ ስለዚህ በየእሑዱ ስንቅ ማመላለስ የኔ ድርሻ ሆነ። የወኅኒ ቤቱ ዘበኛ ዳቦውን በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ ያሳልፈኛል። አባቴ አጥሩ ጋ ይመጣና ስለ በሬው አይጠይቀኝም፣ ስለ ጎመኑ አይጠይቀኝም።

"የኛ ልጆች እንዴት ናቸው? ያ ግራኙ እግሩ ዳነለት?"

"ድኗል አባዬ።"

"ለከርሞ እሱን በቀኝ በኩል ያሰልፉት በያቸው። አደራ!"

ሰው ታስሮም አደራው ይኸ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ያልሰበከው እስረኛ አልነበረም። ከወገል ጤና የመጣ አንድ ሰውዬ አለ፤ አገሩ ሩቅ ስለሆነ ጠያቂ የለውም፣ ሜዳችንንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እሱ እንኳ የታች ቤት ደጋፊ ሆኖ ቁጭ አለ! የበሩ ዘበኛ ይህን ሲያይ አባቴን ለማብሸቅ ብሎ ላይ ቤት ገባ። "ለከርሞም እናስለቅሳችኋለን" ይለዋል። አባቴም፣ "አንተ በር ጠብቅ፤ ድንበር መጠበቅ አትችልም" ይለዋል። ይሳሳቃሉ። አንዳንድ እሑድ እስር ቤት መሆኑን እረሳው ነበር።

ግን ሐምሌ ላይ አንድ ቀን አጥሩ ጋ ሳይመጣ ቀረ። የወገል ጤናው ሰውዬ ነው እየጎተተ ያመጣው። ፊቱ ጠቁሯል። "ከእንግዲህ አትምጪ። ትምህርትሽን ተማሪ" አለኝ። "ልጆቹ አዲስ ዱላ ቆረጡ" አልኩት። ቀና ብሎ፣ "ከምን?" አለ። ከወይራ አልኩት። "ከየትኛው ወይራ? ከወንዙ ማዶ ነው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ?" ከወንዙ ማዶ። "እሱ ጥሩ ነው። ይከብዳል እንጂ አይሰበርም" አለና ዳቦውን ተቀበለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ለመንገድ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ከፍቶኝ፣ እኔንጃ።

እኔ ደግሞ በዚያው ክረምት አቤቱታ መጻፍ ጀመርኩ። እጄ እየፈጠነ፣ ዓረፍተ ነገሩ እሺ እያለኝ መጣ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግን ገና ሳያነበው ይመልስልኛል። "ጽሑፍሽ ያምራል። ምስክር አለሽ? የለሽም። አንድ አየሁ የሚል ሰው አምጭ፤ ያለዚያ ወረቀት አታባክኚ።" አንድ ሰው! ሜዳ ሙሉ ሕዝብ አይቶት አንድ ሰው አጣሁ።

ገና ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ተምሮ ኖሮ ዘንድሮ ስብሰባ አልጠራም። ጨዋታውን አይቼ ለአባቴ እንድነግረው ወደ መንደር ወጣሁ። ገና ሩሯ ሳትጣል ላይ ቤቶች እየጨፈሩ ወደኛ መጡ። እንዲህ ነበር ያሉት፦

አምና በዚች ሜዳ ሩሯ ገባች ብሎ፣
እዬዬ ያለው ሰው ጋቢ ቀዶ ጥሎ፣
የታች ቤቱ ጯሂ ዘንድሮ የት ገባ?
ማን ይጮኻል ዛሬ ዓይኑ እያነባ?

የኛዎቹም ሳቁ። ሳቁ! ደሜ ፈላ። ምን እንደነዳኝ አላውቅም፣ ሴት ልጅ የማትገባበት ጭፈራ መሀል ገብቼ ቆምኩ።

"እንግዲያው እዚህ ነበራ!"

"ማን?"

"አባቴ! አሁን በአፋችሁ አላችሁት እኮ! ጋቢ ቀደደ፣ አለቀሰ አላችሁ። ለዘፈን ያያችሁትን ለዳኛ ጊዜ ምነው አጣችሁት?"

ጭፈራው ቀጥ አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ "ተይ ልጄ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም" አሉኝ።

"አይቆጣም የተባለው ጌታ ነው አባባ። እኔ ጌታ አይደለሁም፤ እቆጣለሁ!"

እናቴ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ። ጨዋታው ቀጠለ። ሲያበቃ ግን አበጋዙ ላባቸውን እየጠረጉ ወዳለሁበት መጡ።

"አንቺ ምላሳም። እኔ እመሰክራለሁ።"

ጉልበታቸውን ልስም ተንደረደርኩ።

"ግን" አሉ፣ "ሩሯን በዱላ እንደመታኋት ይጻፍልኝ።"

"ጋሼ! ሰው ታስሮ አንቱ ስለ ሩር?"

"እሱስ ታስሮ ስለ ምንድን ነው የሚጠይቅሽ?"



እሑድ ይህን ለአባቴ ነገርኩት። "አይሆንም" አለ።

"አባዬ!"

"በእግሩ ነው የገፋት። በሐሰት የገባሁ ሰው ደግሞ በሐሰት ልውጣ?"

የወገል ጤናው ሰውዬ ከኋላ ሆኖ፣ "ኧረ አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ውጣ፤ ከወጣህ በኋላ ትክዳለህ!" ይለዋል። አባቴ ወይ ፍንክች። በሁለቱም ተናደድኩ። አንዱ ለሩር ሲል አላስፈታ ይላል፣ አንዱ ለሩር ሲል አልፈታ ይላል! ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። በመጨረሻ ይህ ወጣልኝ፦ "በገና ዕለት፣ ከመጋዘኑ ጭስ በታየበት ሰዓት፣ ሩሯ ድንበር ባለፈችበት ሁኔታ ሳንስማማ ቀርተን ተጣላን፤ ያን ጊዜ ጋቢዬን ይዞ ቀደደብኝ።"

እግርም የለበት፣ ዱላም የለበት!

ለአባቴ በአጥሩ በኩል ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። "ውሸት የለበትም" አለ። አበጋዙም መንደር ድረስ ሄጄ ሳነብላቸው አገጫቸውን እያሻሹ ሰሙና፣ "ስድብ የለበትም" ብለው ጣታቸውን አተሙ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ግትር ሰው አስማማች፤ የጻፍኳት ደግሞ እኔ ነኝ!

ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ተቀበለኝ፣ ነገሩም እንደገና ታየ። አበጋዙ ያንኑ የተቀደደ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆሙ። ሊቀ መንበሩ እንደ አምናው ፊት ለፊት ነበር።

"በዚያ ሰዓት ስብሰባ አልነበረም ወይ?" አሉ ዳኛው።

"ነበር። ቀረሁ" አሉ አበጋዙ። "ገና ነበራ።"

ከዚያ ከኋላ አንድ ሌላ የላይ ቤት ሰው ተነሳ። ቀጥሎ ሌላ። የላይ ቤት! አባቴ ሙሉ ዕድሜውን የሰደባቸው ሰዎች! ከታች ቤት የተነሳ ሰው ያየሁት አራት ላይ ቤቶች ከቆሙ በኋላ ነው። አጎቴ ከሁሉም ኋላ ተነሳ።

ፋሲካ ሳይደርስ አባቴ ተፈታ። ውሳኔው "ማስረጃው በቂ ሆኖ ስላልተገኘ" ይላል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አላደረገም የሚል ቃል የለበትም። ጸሐፊውን ጠየቅሁት።

"ተፈቷል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"አላደረገም እንዲል!"

"ሂጂ ልጄ፣ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ።"

ያ በሐሰት የመሰከረው ዘበኛ ዛሬም አዲሱን መጋዘን ይጠብቃል። ማንም ምንም አላለው።

አባቴ የገባ ዕለት መንደርተኛው "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ሊል ቤታችንን ሞላው። አበጋዙም መጡ፤ ገና ከመግባታቸው አባቴ "በእግርህ ነው" ብሎ ጀመራቸው፣ እሳቸውም "ዓይንህን" አሉት፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ለሁሉም ጠላ እንዲቀዳ አዘዘ። በማንም ላይ ቂም የለውም። እሱ የሚያስበው ስለሚመጣው ገና ነው፤ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚሰለፍ።

አጎቴ መደቡ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ፣ "እኛማ ድሮም እናውቅ ነበር" አለ። "አንተ እንዲህ ያለ ነገር እንደማታደርግ ድሮም እናውቅ ነበር!"

"እንዴታ!" አሉ ሌሎቹ። "ድሮም!"

ያውቁ ነበር! ደስ ብሏቸው፣ እንደ ምርቃት ነው የሚናገሩት። አንድ ዓመት ከሁለት ወር እኔ ዳቦ ይዤ አጥር ስር ስቆም ያውቁ ነበር። ባያውቁ ይሻለኝ ነበር፤ ላላወቀ ሰው ምን ይባላል?

እናቴ የእጅ ውሃ እንዳመጣ ጠራችኝ። አመጣሁ። መጀመሪያ አበጋዙን አስታጠብኩ፤ ቀጥሎ ከኋላቸው የተነሱትን ሦስቱን የላይ ቤት ሰዎች። ከእነሱ ቀጥሎ አጎቴ እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ውሃው ገና ግማሽ እንኳ አልጎደለም። ማስታጠቢያውን እፊቱ መሬት ላይ አስቀመጥኩለትና ወደ ውጭ ወጣሁ።

"ኧረ ይች ልጅ!" ሲሉ ሰማኋቸው። አባቴ ግን አልጠራኝም።