ያልተመለሰ ጥያቄ ይደገማል

አንድ ሽማግሌ ወልድያ ወዳለው የሬዲዮ ጣቢያችን መጥቶ፣ በቅርቡ በተካሄደው ጦርነት የጠፋ ልጁን ፎቶ፣ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ እንዳነብለት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ካኖረ ሦስት ሳምንት ሆነው። እሱ አላወቀኝም። እኔ ግን ገና ከበሩ ሲገባ በአረማመዱ ለየሁት።

በደርግ ጊዜ፣ ያኛው የሰሜን ጦርነት ወደ እኛ ሲቃረብ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የመርሳ ዜና አንባቢ ነበርኩ። ጣቢያ እንዳይመስላችሁ፤ ቀበሌው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አንድ ድምፅ ማጉያ ነው። የጠፋ በሬ፣ የእድር ጥሪ፣ የወፍጮ ተራ እናገራለሁ። በሩ ላይ የጥያቄ ሳጥን ነበረን፤ ሰው ጽፎ ይከታል፣ እኔ ዓርብ ዓርብ አነባለሁ። ደንቡን ያወጣው ካድሬው ጓድ መኩሪያ ነው፦ ጥያቄ ከተጠያቂው ስም ጋር ይነበብ፤ ያልተመለሰው ሳይደገም አዲስ አይነበብ። ያወጣው የእህል መጋዘን ኃላፊውን ሊያሳጣበት ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። በዙሪያችን ያለው የሀብሩ ገጠሬ ማንጎውን እየላጠ ቆሞ ያዳምጠኛል፤ ትንሽ ጉራ ቢጤም ጀማምሮኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ጓድ መኩሪያ ወረቀት ሰጠኝ። የማሽላ ዘር መጥቷል፣ በገበያ ቀን ይታደላል፣ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ይምጡ ይላል። አሳምሬ አነበብኩት። በገበያው ቀን ዘር የሚባል የለም። ወታደሮች የደሴን መንገድ ከላይና ከታች ዘግተው ወጣቱን እየለቀሙ መኪና ላይ ጫኑት።

በማግስቱ ጎረቤታችን እማ ዘይነባ መጡ። ሰይድ አንድ ልጃቸው ነበር። አልጮሁብኝም።

«እኔማ በአላህ አትሂድ ብዬው ነበር» አሉ። «እሷ ካለችማ እውነት ነው ብሎኝ ወጣ።»

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ተውኩት። ጥያቄውን ጻፍኩላቸው፣ በጣታቸው ፈረሙና ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ዓርብ አነበብኩ፦ «ሰይድ የት ነው? ተጠያቂ፣ ጓድ መኩሪያ።» በሚቀጥለው ዓርብ ደገምኩት። በሦስተኛው ካድሬው ድምፅ ማጉያውን አስወርዶ እኔን አባረረኝ። ግን ረፍዶበታል፤ ሰዉ ደንቡን ለምዶታል። ሻይ ቤት ሲገባ «ሰይድ የት ነው?» ይሉታል። ማንጎ ሊመርጥ ሲያጎነብስ ሻጯ «ሰይድስ?» ትለዋለች። ክረምት ሳይገባ በጭነት መኪና ከመርሳ ወጣ። ያን ቀን የበላሁት ማንጎ ጣፋጭነቱ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም። ሰይድ ግን አልተመለሰም። እማ ዘይነባም በር በሩን እያዩ ሞቱ።

«ስምዎን ማን ልበል?» አልኩት ሽማግሌውን፣ እያወቅሁ።

በድምፄ አወቀኝ። እጁ ፎቶው ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ እባክሽ» አለ። «ሕዝቡ አንቺን ያምናል።»

«ያልተመለሰው ሳይደገም አዲስ አይነበብም፤ የራስዎ ደንብ ነው» አልኩት። «ሰይድ የት ነው?»

ፎቶውን አላነሳም። ከዚያ ከዘራውን ፈልጎ ወጣ።

ማስታወቂያውን አላነበብኩም። ሦስት ዓርብ አልፏል፤ ፎቶው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልጁ ምን አጠፋ ትሉኝ ይሆናል። ሰይድስ ምን አጥፍቶ ነበር?