ኮቦን በአማርኛ

ማንኪራ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የሚደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በበጋው ስልኩ ሲጮኽ፣ ገና ሳላነሳው ነጠላዬን መፈለግ ጀምሬ ነበር። የሞተ ሰው የለም። ቀፎ የሚሰቅልባቸው ዛፎች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ ከቀለሙ ወዲያ ጥብቅ ደን ነው፣ መግባት ክልክል ነው ተብሏል። ሐሙስ ስብሰባ ስላለ ነይ አለኝ። ከቦንጋ ሄድኩ።

ዓመቱ ለማርም ክፉ ነበር። ዝናቡ ወሩን ስቶ መጥቶ፣ ነጭ ማር የሚሰጠውን ዛፍ አበባ አራግፎታል። መንደሩ አጠገብ ያሉት ቀፎዎች ባዶ ናቸው። ንብ ያለው ወደ ውስጥ፣ ከቀለሙ ወዲያ ነው። ወንድሜ ቀፎዎቹን ቶሎ እዚያ ካልሰቀለ ማር አያገኝም፤ ያለ ማር ደግሞ ዓመቱን የሚገፋበት የለውም።

ስብሰባውን የመራው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ባለሙያ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ያን ሁሉ ጭቃ በእግሩ ነው የመጣው። ደናችሁ የዓለምን ጭስ ስለሚውጥ መጠበቅ አለበት አለ። አንድ የቀበሌው ሰው ወደ ካፊኖኖ ይተረጉምለታል።

ወንድሜ ተነሳና ጭሱን ያጨሱት ሰዎች ደጅስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ። ባለሙያውም ሲተረጎምለት ሳቀ። ወንድሜ ቀጠለና እዚያ ውስጥ ኮቦ አለኝ አለ።

«የግል ደን አለኝ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

የባለሙያው ፊት ተለወጠ። ደን የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግለሰብ እንዳልሆነ ያስረዳ ጀመር። ወንድሜ አማርኛ ጥቂት ይሰማል። ሌባ እንደተባለ ሰው ቆሞ ቀረ።

እኔ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። እጄን አወጣሁ።

«ኮቦ የግል ማለት አይደለም» አልኩ። «ውሃውን ማንም ይቀዳል፣ በመንገዱም ማንም ያልፋል። ቀፎ የሚሰቅለው ግን እሱ ነው። ዛፉ ቢቆረጥም የሚጠየቀው እሱ ነው። አባታችንም እንደዚሁ ነበር።»

«ታዲያ በአማርኛ ምን ብለን እንጻፈው፣ እትዬ?» አለ ባለሙያው።

ርስት ብል መሬቱን ፈለጉ ይባላል። ይዞታ ብል ማስረጃ አምጡ ይሉናል።

«መብት በሉት» አልኩ።

ግማሹን ነው የተናገርኩት። አደራው ቀረ።

ባለሙያው ለበላይ አካል አቀርባለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይገባ አለ። ስብሰባው ተበተነ።

ወንድሜ እስከ መኪናው ሸኘኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ከተማ ኖረሽ ያመጣሽልኝ አንድ ቃል ነው?» አለኝ። ሲያሾፍ ፊቱ አይስቅም። ንብ የበላይ አካልን እንደማትጠብቅም ነገረኝ። እንዳትገባ አልኩት። የመኪናውን በር ዘጋልኝ።

መልስ እስካሁን አልመጣም። ዛሬ ጠዋት ስደውል ሚስቱ አነሳች። ቀፎ ተሸክሞ ወጥቷል አለች። በየት በኩል እንደሄደ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ደኑ ላይ ጥበቃ መመደቡን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰማዩ ዛሬም ያለወሩ ጠቁሯል። የጣድኩት ምስር አረረብኝ፤ ሌላ ጣድኩ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ይዘውት ከሆነ በአማርኛ የሚጠይቁኝ አይጠፉም፤ ከጠዋት ጀምሮ ቃል እየፈለግሁ ቤቱን እዞራለሁ።