ክትባቱ የጠየቀን ዕድሜ

ቤሩት፣ ዶራ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል አብራኝ የምትከራይ ሴት ነበረች። የወሎ ሰው ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ሁለታችንም ከአሠሪዎቻችን ቤት ወጥተን፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ በየሰዉ ቤት በሰዓት እናጸዳለን። እሷ አስም አለባት። የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ ባሳለች ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር። አስሟ ላይ ከተደረበ እንደማትተርፍ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አናወራውም እንጂ።

ክትባቱ ቤሩት ሲደርስ ጥቂት ነበር። በስልክ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነው፤ ተራው ደግሞ በዕድሜ። ጉዳችን የወጣው እዚህ ላይ ነው። እኔ ከአገር ስወጣ ገና ልጅ ስለነበርኩ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ዘጠኝ ዓመት ጨመረብኝ። የእሷ ደላላ ደግሞ «ማዳሞች ወጣት ነው የሚፈልጉት» ብሎ ቀነሰላት። በወረቀት እኔ ታላቅ፣ እሷ ታናሽ ሆነን አረፍነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ እውነት ግን እያደር ደፈረሰ።

አስም ያለበት ቅድሚያ ያገኛል ቢባልም የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃሉ። የእትዬ ሐኪም የሰፈሩ ፋርማሲ ነው። ሁለታችንም በፓስፖርት ኮፒ ተመዘገብን፤ ከሳምንታት በኋላ መልእክቱ ለእኔ ብቻ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

«ሂጂ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለችኝ።

«አብረን ነው የምንሄደው።»

«ወላሂ አልሄድም! በር ላይ ወረቀት ቢጠይቁኝስ?»

እየጎተትኩ ቫን ውስጥ አስገባኋት። ሆስፒታሉ እንደደረስን ነርሷን ጠጋ ብዬ፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ዕድሜዬ ውሸት ነው። ሠላሳ ስድስት ነኝ። የእኔን ለእሷ ስጪልኝ።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። «ዕድሜዋን ጨምራ የምትዋሽ ሴት ገና ዛሬ አየሁ!» አለች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው፤ ለሌላ ሰው መስጠት አልችልም። ግን የተከፈተ ብልቃጥ ለነገ አያድርም። ተጠርቶ የቀረ ሰው ካለ፣ መጨረሻ ላይ ለእሷ አደርጋለሁ። ጠብቁ» አለችኝ።

ተወጋሁና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ሰው በክፉ ዓይን አየዋለሁ። ምን አጠፋ፣ ተራው ነው። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ሲገቡ «ምነው ቤታቸው ቢቀመጡ» ብዬ በልቤ ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጥበቃው ወንበሮቹን መደራረብ ሲጀምር ተስፋ ቆርጬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ይሄኔ ነርሷ ብቅ አለች።

«ያላ፣ አንድ ቀርቷል።»

ወረቀት አውጥታ በእጇ መሙላት ጀመረች። «እውነተኛ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

እትዬ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በሩን አየች። እኔ ቢበዛ ሃምሳ ይሆናታል ብዬ ነበር የምገምተው። ማስኳን ዝቅ አድርጋ፣

«ሃምሳ ዘጠኝ» አለች።

ክው አልኩ። እናቴን በአንድ ዓመት ትበልጣለች! ስንት ዓመት ሙሉ «ዛሬ ተራሽ ነው» እያልኩ የውሃ ጋሎን አራተኛ ፎቅ ያሸከምኳት ሴት! መርፌው ክንዷ ላይ ሲገባ እንባዬ መጣ። ከእፎይታው ይሁን ከሐፍረቱ እንጃ፤ ከሁለቱም መሰለኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ወጣች። ደረጃው ላይ ክንዷን ይዤ «ቀስ በይ፣ እማዬ» አልኳት።

ቆም ብላ ዙሪያዋን ቃኘች።

«እሽሽ! እማዬ ብሎ ነገር የለም። ወሬው ማዳሞቹ ጋ ቢደርስ ነገ ማን ያሠራኛል? ኸላስ፣ በቃ፣ እትዬ በይኝ።»