ስለ ደሙ ያልጠየቁኝ

የልጄ ልጅ ደም ሲፈስሳት መላ ፍለጋ የሄድኩባቸው ሰዎች የጠየቁኝ ስለ ወንድ ነው፤ ስለ ደሙ የጠየቀኝ አልነበረም። በደል ተብሎ እንዲጻፍ የምፈልገው ይህ ነው። በዚያ ዘመን ሌላ ብዙ በደል ደርሷል፤ እሱ ጸሐፊ አያጣም። ይሄኛው ግን የለውምና በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እኔው ልጻፈው።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ እሷን በወለደች ዕለት ደም ፈስሷት እጄ ላይ ሞተች። ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለ መንደር ነው፤ ገበያችንም ጤና ጣቢያችንም ሐይቅ ከተማ። ለውጥ መጣ ተብሎ ወጣቱ ደስታውን ይዞ መንገድ በወጣበት ዓመት የመጀመሪያ ደሟን አየች። ከዚያ ወዲህ ደሟ ልክ አልነበረውም። ሁለት ሦስት ወር ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ ሳምንቱን አልፎ ሌላውን ይጨምራል፤ ለጥቂት ቀን ይተዋትና ይመለሳል። የመንደሩ ሴቶች «የኮረዳ ደም ነው፤ አመሉን እስኪይዝ ነው» አሉኝ። እውነትም የብዙ ሰው ልጅ እንዲያ ሆኖ ሲስተካከል አይቻለሁ። ጠበቅኩ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ስልክ ጠፋ፣ የደሴ መንገድ ተዘጋ፣ ጤና ጣቢያው ተዘረፈ፤ አልጋው ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። በዚያው ሰሞን ደሙ መጣና አልሄድ አለ። ሞዴስ ከሱቅ ጠፍቶ ስለነበር ነጠላዬን ቀድጄ አጠፍኩላት። ማለዳ የሰጠኋት ጨርቅ ፀሐይ ሳይሞቅ ርሶ ይወጣል። እንደ ጉበት የረጋ ደምም ይወርዳት ጀመር።

ከተማ ውስጥ ከቤቱ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው አለ ሲሉኝ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማኝ።

«ባል አላት?» አለ።

«የላትም።»

«እንግዲያው አጥብቀው ይጠይቋት እማማ። አስወርዳ ይሆናል።»

«ባል አላት ብልህ ደሙ ይቆማል?»

በሩን ዘጋው።

ከጤና ጣቢያው የሸሸች ነርስ ዘመዶቿ ዘንድ መሆኗን ሰምቼ ደግሞ ልጅቷን ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ። ታጣቂ ነክቷት እንደሆነ ጠየቀቻት። በዚህ አልቀየምኳትም፤ በዚያ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ነገር ነበር። ልጅቷ አልነካኝም አለች። የተቀየምኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያንኑ እያገላበጠች ደጋግማ ጠየቀቻት፤ ጨርቁ በምን ያህል ጊዜ እንደሚርስ፣ ስትነሳ ያዞራት እንደሆነ ግን አልጠየቀቻትም። «እውነቱን ስትናገር መልሰው ያምጧት» ብላ ሰደደችን።

መንገድ ላይ ልጅቷ «እምዬ፣ ለስንት ሰው ልማል?» አለችኝ።

«ለማንም አትማዪ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ደሙ አላነሳችልኝም። ከቀናት በኋላ ለዙህር ሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ከጎኔ ቆመች። ደም ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ በእኛ ቤት የደሙ መምጣትና መሄድ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ አፍ አውጥቶ የሚጠያየቅ የለም። ቆማ ሳያት ደሙ ቆመላት ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ። እንዲያ ሰነበትን። ፊቷ ገረጣ፤ ውኃ ቀድታ ስትመለስ በየድንጋዩ ላይ ታርፋለች። ረሃቡ ነው አልኩ፤ ሁላችንም ገርጥተን ነበርና።

አንድ ቀን ለሱጁድ ግንባራችንን መሬት አስነክተን እኔ ተነሳሁ፤ እሷ አልተነሳችም። ሶላቴን አቋርጬ ሳገላብጣት መስገጃው ርሷል። ደሙ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም ነበር። ዳግመኛ እንዳትጠየቅ ስትል ነው የሰገደችው።

ዓይኗን ስትገልጥ «ደም ላይ ሆኜ መስገዴ ወንጀል ሆነብኝ አይደል?» አለች።

«ወንጀሉ ያንቺ አይደለም። ዝም በዪ።»

መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ጨርቅ ከመለወጥና ዱዓ ከማድረግ በቀር በእጄ ምንም አልነበረም። እናቷንም እንዲሁ ነበር የጠበቅኳት። ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት አለችኝ፤ እሷ መጥታ ታግዘኝ ነበር።

«እኔ በሠራሁበት ቤት የማዳሜ ልጅ እንዲህ ስትሆን ባል አላት ወይ ያለ የለም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰዷት» አለችኝ።

«ደግ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።»

«ለልጃቸው ደግ ናቸው። እኔ ስታመም ሻይ ነበር የሚሰጡኝ።»

መንገዱ ሲከፈት ከጎረቤቴ ጋር ሦስታችን በሚኒባስ ደሴ ወረድን። ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር፤ ከንፈሯ ከጥርሷ አይለይም። ሆስፒታሉም ተዘርፎ ነበር። ባዶ መደርደሪያ ባለበት ክፍል አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። ሽንት አስመረመረችና እርግዝና የለም አለች።

«ላላገባች ልጅ ይህ ለምን አስፈለገ?» አልኳት፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ደም ለፈሰሳት ሴት ሁሉ ነው የምናደርገው፣ እማማ። የእኔም እህት ብትሆን።»

ለሁሉም ከሆነ ልክ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ቀጥላም ስለ ደሙ ጠየቀች። ስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ የረጋ አለው ወይ፣ ያዞራታል ወይ። ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፤ በልጅነቷ ጥርሷ ሲነቀል እንዴት ነበር? ደሙ እስኪነጋ አልቆመም ነበር፣ ትራሱን ጥዬዋለሁ አልኳት። ነስርስ? ሁልጊዜ፤ በአናቷ ውኃ ስናፈስ ነው ያደገችው። እናቷስ?

«እናቷ በወሊድ ደም ፈስሷት ሞታለች። ደሟ ከልጅነቷም ብዙ ነበር፤ ነስርም ነበረባት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ደም ሲፈስ የሚያረጋው ነገር ከትውልድ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፣ ከወላጅ ይወርሱታል አለችን። እርግጡን የሚለየው ምርመራ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ እስኪረጋጋ ግን ዝም አንልም አለች። ጎረቤቴ ደም ሰጠቻት፤ ለደም ማነሷም የሚዋጥ ብረት ታዘዘ፤ ደሙን የሚቀንስ ኪኒንም ጨመረችላት። ጎረቤቴ ማሸጊያውን አወቀችው።

«ይሄ የወሊድ መከላከያ አይደል እንዴ?»

«ነው። ደም ለመቀነስም ይሰጣል።»

መንደሩ ሲያይ የሚለውን አሰብኩና ኪኒኑን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት።

ቀድሜ ባለማምጣቴ አጥፍቼ እንደሆነ ስጠይቃት አልተቆጣችም። «የኮረዳ ደም መጀመሪያ ላይ ቀኑ ቢዛባ ብዙ ጊዜ አያስደነግጥም። ከሳምንት ካለፈ፣ ጨርቁ በየሰዓቱ ከራሰ፣ የረጋው ከበዛ፣ ካዞራት ግን አይጠበቅም። ያኔውኑ ነው መምጣት» አለች። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር እሷም ታውቃለች፤ እሱን አላነሳችብኝም።

ልጅቷን ወደ አልጋ ሲወስዷት እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ለዓመታት ሰው ያልጠየቅኩትን ጠየቅኳት።

«እናቷ እርግዝናዋን ጤና ጣቢያ ስትከታተል ነበር፤ ስትሞት ግን አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«በእርስዎ እጅ የሚቆም ደም አልነበረም፣ እማማ» አለችኝ። «እርጉዝ ሆና ለክትትል ስትመጣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ነስሯ፣ ስለ ወር አበባዋ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። አልጠየቅናትም።»