ያልተረጎምኩት ዘፈን

በጎባ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን የቆየው የሙዚቃ በዓል በጨዋታ መካከል ሲነሣ እኔ ባርኔጣዬን ፈልጌ፣ ሥራ እንዳለበት ሰው ቸኩዬ እወጣለሁ። ልጆቼ ይህን ልማዴን ያውቃሉ፤ ምክንያቱን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። አሁን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም። የንስሐ አባቴ ጉዳዩን ሰምተው የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜአለሁ። የምጽፈው በዚያ ሜዳ ላይ በእርግጥ የተዘፈነው ምን እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ እያለቁ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ባሌን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ፤ ሕዝቡም በየቋንቋው እየዘፈነ ደስታውን እንዲገልጽላቸው ተወሰነ። ደስታው አስቀድሞ የተወሰነ ስለነበር የቀረው ዘፋኝ መፈለግ ብቻ ነበር። እኔ በጎባ አስተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቤ ከሰሜን የመጣ ቢሆንም ኦሮምኛ የተማርኩት ከአማርኛ እኩል በመሆኑ፣ በኦሮምኛ የሚዘፈነውን ሁሉ ከመድረኩ አጠገብ ቆሜ በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝኩ። ለሥራው ያጩኝ አጎቴ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጦር መኮንን ነበሩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲያ ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ለአስተማሪነቱም ደጅ የጠኑልኝ እሳቸው ናቸው።

ኦሮምኛ ያስተማረኝ ደግሞ ጎረቤታችን የነበረ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት የሚበልጠኝ ከብት አርቢ ነው። ፈረስ ላይ መጀመሪያ ያወጣኝ እርሱ ነው። ኦቦ እለው ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት። እርሱ እስላም እኔ ክርስቲያን ብንሆንም፣ ልጅ ሳለሁ ቤቱ ስገባ ከቤታችን የወጣሁ አይመስለኝም ነበር።

ከበዓሉ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አጎቴ ሆራውን አጠሩት። ሆራ ከብት የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ ነው። በባሌ ደጋ ከብት ያለው ሰው ሁሉ ቀን ቆጥሮ መንጋውን ወደ ሆራ ይነዳል፤ ያን ውኃ ያጣች ላም ትከሳለች፣ ወተቷም ይነጥፋል። ከዚያ በፊት ውኃውን የእኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም። መሬቱ በቃላድ ሲለካ ግን ምንጩ ከአጎቴ ወሰን ውስጥ ገባ፤ እሳቸውም በጥድ አጣና አጥረው በሩን ቆለፉት። ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ አይቻለሁ።

የበዓሉ የመጀመሪያ ቀን የተማሪዎችና የወታደር ሙዚቀኞች ነበር። ገና ማርሹ ሳይጋመስ በረዶ ወረደ፤ በረዶው የነሐሱን መለከት ሲደበድበው ከነፊዎቹ የበለጠ ድምፅ አወጣ። ሕዝቡ ወደ ድንኳኖቹ ሲሸሽ ኦቦ እኔ ወደተቀመጥኩበት ገባ።

«አካም ጅርታ፣ ጌታው አስተርጓሚ?» አለኝ፣ እንዴት ነህ ማለቱ ነው፣ ውኃውን ከትከሻው እያራገፈ። «አጎትህ ወንበር ሰጡህ፣ መንግሥት ጠረጴዛ ሰጠህ። አሁን የጎደለህ ቦርጭ ብቻ ነው።»

«እሱም ይመጣል፣ ኦቦ።»

«አስተማሪ ቦርጭ አያወጣም። ይልቅ እርሳስህን ቅረጽ፤ ነገ የምለውን አስቀድመህ ስማው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገራርሳውን አሰማኝ። ገራርሳ ወንድ ልጅ ገድሉንም በደሉንም በአደባባይ የሚያወጣበት ዜማ ነው። የጻፍኩበት ደብተር ዛሬም አለኝ። ቃሉ እንዲህ ነበር፦ «አባቶቼ ሳይቆፍሩት ለፈለቀው ውኃ ማን ቁልፍ አበጀለት? ላሜ አጥሩ ላይ አፏን አሳርፋ ሞተች። ጥጃዋ እኔን ያየኛል፤ ምን ልበለው?»

«የአጎቴን ስም ትጠራለህ?» አልኩት።

«ወላሂ፣ አልጠራም! ውኃውን ነው የምጠራው። እንግዳው ሰው ማን ቆለፈው ብለው ከጠየቁ፣ የሚነግራቸው ሞልቷል።»

«ማመልከቻውስ?»

«የትኛው? ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፍክልኝ? ስምህ እንዳይታወቅ ብለህ ፊደልህን እያጣመምክ?» ሳቀ። «አሁን ሳታጣምም ንገርልኝ። አታሳምረው፣ አትጨምርበት። እንደሰማኸው።»

«እነግርልሃለሁ» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። ከአጋርፋ የመጡት በዱላ እየጨፈሩ፣ ከሃረና የመጡት እያጨበጨቡ ዘፈኑ፤ የሶፍ ዑመር ሰዎች መንዙማ አሰሙ። ሁሉንም በታማኝነት ተረጎምኩ። አጎቴ ኒሻናቸውን ደርድረው ከባለሥልጣኑ ኋላ ተቀምጠዋል። ከእኔ ጋር በጉዳዩ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም፤ አልዛቱብኝም፣ አልለመኑኝም። ይህን የማነሣው ሰው ሁሉ ተገድዶ ነው ብሎ ሊያዝንልኝ እንዳይነሣ ነው።

ኦቦ ወደ መሐል ወጣና ዘፈነ። «ምን ልበለው?» ሲል ከኋላው የቆሙት ከብት አርቢዎች፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ሆነው፣ ከመሬት ለምለም ሣር እየነጩ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሡ። በእነርሱ ዘንድ ሣር ይዞ የቆመ ሰው ማሩን፣ ታረቁን ማለቱ ነው። ሣር የተያዘለት ሰው እርሱም ሣር ከያዘ ልመናውን ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚያጥፍ የለም።

አጎቴ ኦሮምኛ አሳምረው ይሰማሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ የሚያዩትም ዘፋኙን ሳይሆን እኔን ነበር። ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ።

«ምንጫችን ሞልቶ ፈሰሰልን» አልኩ፣ «ላሞቻችን ጠጥተው ረኩ፤ ጥጆቻቸው በደስታ ዘለሉ። ግርማዊ ጃንሆይ ሺህ ዓመት ይንገሡ፤ ይላል።»

ቃላቱን ቀድሜ አላዘጋጀኋቸውም ነበር። እንዴት ያለ ችግር እንደመጡልኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከመድረኩ ሥር የቆመች፣ ሮቤ ላይ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሴት አንገቷን አቅንታ፣ «አስተማሪ፣ ጆሮህን ያምሃል እንዴ?» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ባለሥልጣኑ እጅግ ደስ አላቸው። «ሣሩንስ ምነው አነሡት?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «ለበዓሉ ነዋ! እኛስ ለዓመት በዓል እንጎዘጉዝ የለም እንዴ!» አሉ።

«አዎን፣ ክቡርነትዎ» አልኩ።

ወዲያው ሣር አስነጭተው በእጃቸው ይዘው ተነሡ። መኳንንቱም ተከትለው ያዙ፤ አጎቴም ያዙ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። አማርኛ የማይሰሙት ሽማግሌዎች እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ አየሁ። ኦቦ ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ አማርኛ ከእኔ ባልተናነሰ ያውቃል።

ያን ቀን ኦቦ ሽማግሌዎቹን ሲለምን እንዳመሸ በኋላ ሰማሁ። አስተርጓሚው ልጅ ሌላ ነገር ነው የተናገረው፣ ከብት እንዳትነዱ ቢላቸው፣ መኳንንቱ ሣሩን ሲያነሡት በዓይናችን አይተናል ብለው አልሰሙትም። በሦስተኛው ቀን ገና ጤዛው ሳይረግፍ መንጋቸውን ወደ ሆራው ነዱ። ከብቱ የውኃውን ሽታ ሲያገኝ አጥሩን ገፋ። የአጎቴ ዘበኞች በአለንጋና በዱላ ተቀበሏቸው። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸው ተሰበረ፤ ሁለት ሰዎች አጥር ሰበሩ ተብለው ታሰሩ። ይህ ሲሆን ሜዳው ላይ ማርሽ ይመታ ነበር።

የሽልማቱ ሰዓት ደረሰና ኦቦ ተጠራ። ጥሩ ላመሰገነ ዘፋኝ የተመደበው ሽልማት ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። ባለሥልጣኑ ካፖርቱን በእጃቸው ደረቡለትና፣ «በል አንድ ቃል ተናገር» አሉት። ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ተቀበለ። እውነቱን በአማርኛ ቢያወጣው እዚያው ያበቃልኝ ነበር።

«ክቡርነትዎ» አለ፣ በጠራ አማርኛ፣ «የእኔን ቃል ይህ ልጅ ነግሮዎታል። የምጨምረው የለኝም።»

ከድንኳኑ ጀርባ ደረስኩበት። «ኦቦ፣ ለምን አልተናገርክም? ማይክሮፎኑ በእጅህ ነበር» አልኩት። እንዲህ ብዬ መጠየቄ ራሱ ምን ያህል እንዳሳነሰኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

«በአማርኛማ በየቢሮው በር ሦስት ዓመት ተናገርኩ» አለኝ። «እስላሙ ከብት አርቢ ሲናገር አልሰሙም። ከእነርሱ የሆነ ሰው ሲናገርልኝ ይሰሙ ይሆናል ብዬ ነው አንተን የለመንኩት። ዛሬ ውሸታም ብልህ ማንን ያምናሉ? አንተን።»

ካፖርቱን ወስዶ በሆራው በር ላይ ሰቀለው። ዝናብ ሳያገኘው አጎቴ አወረዱት፤ ሱፉ ጥሩ ነው ብለው በልካቸው አሳጥረው እስኪሞቱ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ለበሱት። መሬቱን የወረስኩት እኔ ነኝ። ቁልፉንም ወረስኩ። በሩን እከፍተዋለሁ እያልኩ፣ ዘመዶቼ ይቀየሙኛል፣ ጊዜው አይደለም እያልኩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ንጉሡ ወርደው መሬቱ በአዋጅ ሲወሰድ፣ አጥሩን የነቀሉት የገበሬ ማኅበር ሰዎች ናቸው። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

ኦቦ ከዚያ በዓል በኋላ በአደባባይ ሲዘፍን የሰማው ሰው የለም። ሮቤ ገበያ ላይ ግን እንገናኝ ነበር። እኔ ከሩቁ «አካም ጅርታ፣ ኦቦ» እለዋለሁ። እርሱ ቆም ብሎ ባርኔጣውን ያነሣና፣ ለማያውቁት ባለሥልጣን በሚነገር ንጹሕ አማርኛ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ» ይለኛል። ያስተማረኝን ቋንቋ እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል መልሶ አልሰጠኝም።