ያልተመታች መኪና

ጋሽ ዝግታን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ መኪና ሲነዳ እግረኛ እየቀደመው ስለሚያልፍ ነው ይህኛው የወጣለት፤ እሱም ለምዶት "አቤት" ይላል። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሲል ያጠራቀመውን አራግፎ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና አዲሷን ገዛ። ከዚያ ወዲህ ከሰውም ከግድግዳም አላጋጫትም። ድምፁ ከፍ የሚለው ይህን ሲናገር ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ጎረቤት ሰላም ሲለው እንኳ መሬት መሬት እያየ ነው የሚመልሰው።

ጭረት ግን አልቀረላትም። በግራው የፊት በር ላይ የብስክሌት እጀታ ታክኮት ያለፈ መስመር አለ። ኮፈኑ ላይ ድመት ስትንሸራተት በጥፍሯ የቧጠጠችው አለ። ከኋላ ደግሞ ሚስቱ የገበያ ቅርጫቷን ያሳረፈችበት። ጠጋ ብሎ ላላየ ሰው ግን ምንም የላትም።

ዘንድሮ ዐይኑ ደከመበት። ሐኪሙ "መንዳት ይብቃዎት" ሲለው አልተከራከረም። መኪናዋን ማን እንደሚወስዳት ያውቅ ነበር። ጤና ጣቢያ የምትሠራው አዋላጅ መኪና ስታፈላልግ ቆይታለች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ" አለችው። "ቀለም ነክቷት ያውቃል?"

"አንድም ቀን! የፋብሪካ ቀለሟ ነው። ጭረቷን ታዪው የለ።"

"ጭረቱ ምን ይለኛል! እኔ የምፈራው ተመትታ፣ ተቀጥቅጣ፣ ተቀብታ እንዳትሆን ነው። አዲስ ቀለም ሳይ ከሥሩ ምን ተደብቆ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"አልተቀባችም" አለ ጋሽ ዝግታ። ቅዳሜ ልትወስዳት ተስማሙ።

ጭቅጭቁ የተነሳው ቤት ውስጥ ነው።

"እንዲህ እንደተቦጫጨረች እንዴት ለሰው ትሰጣታለህ?" አለች ሚስቱ። "ሙሽራ እንኳ ስትሄድ ፊቷን ትታጠባለች።"

"ከተቀባች ተመትታለች ይላሉ።"

"ማን ይላል?"

"ሰው።"

"ሰውማ ምን የማይለው አለ!"

የሚስቱ ታናሽ ወንድም እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። ይህን ሰው "ልርዳህ" ይሉታል። ያልተጠራበት ሥራ ውስጥ ገብቶ የሰው ቧንቧ የሚፈታ፣ የሰው ራዲዮ የሚከፍት፣ መልሶ የማይገጥም ሰው ነው።

"ጋሼ፣ ለእኔ ተወው" አለ። "ቀለም ቀቢ ወዳጅ አለኝ። መስታወት ነው የሚያስመስላት!"

"አልፈልግም።"

"ከኪስህ ምንም አታወጣም፣ በእኔ ይሁን።"

"አልፈልግም አልኩህ እኮ።"

"እሺ" አለ ልርዳህ። የእሱ እሺ ግን ሰምቻለሁ ማለት እንጂ እተዋለሁ ማለት አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ዝግታን ጉንፋን ጣለው። ተኝቶ ውሎ ከሰዓት በኋላ ብቅ ሲል ግቢው ባዶ ነው።

"መኪናዬስ?"

ሚስቱ የምታጥበውን ድስት ገለበጠች፣ መልሳ ደግሞ አቀናች። "ወንድሜ ወስዷት ነው። አደራህን አትቆጣ፤ ሊያስደስትህ ብሎ ነው።"

"የት?"

"ያው... ቀለም ቤት።"

ጋሽ ዝግታ ኮቱን ሳይደርብ፣ በነጠላ ጫማው ወጣ። እግረኛ የሚቀድመው ሰውዬ ያን ቀን እግረኛውን ሁሉ እየቀደመ ሄደ።

ቀለም ቤቱ ሲደርስ የቲነር ሽታ አፍንጫውን መታው። መኪናዋ መስታወቷ በጋዜጣ ተሸፍኖ እንደ በሽተኛ ቆማለች። የግራው በር ቀለሙ ተፍቆ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል፤ ላዩ ላይ ስቱኮ የሚሉት መሙያ ተለድፎበታል። ቀቢው አፉን በጨርቅ አስሮ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወደ ኮፈኑ እየዞረ ነበር።

"አቁም!" አለ ጋሽ ዝግታ። "አቁም አልኩህ!"

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ጎማ የሚለጥፉት ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ።

"አባባ፣ ምነው? ቀስ ይበሉ እንጂ" አለ ቀቢው።

"ምን ቀስ! ዕድሜዬን ሙሉ ቀስ ስል ኖሬ ነው ያላስነካኋት!" ወደ ልርዳህ ዞረ። "ማን ለመነህ? ማን? አልፈልግም ያልኩህ በየትኛው ቋንቋ ነበር?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ድንገት አይተህ ደስ እንዲልህ..."

"ደስ አለኝ! ይኸው ደስታዬን እያየኸው ነው!"

ልርዳህ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

ቀቢው ጨርቁን ከአፉ አወረደ። "እንግዲህ አባባ፣ የሆነው ሆኗል። ይህ በር እንዲህ ከተተወ ዝገት ይበላዋል። እሱን ብቻ ልቀባው ብል ደግሞ አይገጥምም፤ የቀድሞውን ቀለም ፀሐይ መትቶታል፤ ልዩነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ሁሉንም ከቀባሁት ግን አንድ ትሆናለች፤ ማንም አያውቅም።"

"ማንም አያውቅም" የሚለው ነገር ጋሽ ዝግታን አንገበገበው። ምኑን ነው ማንም የማያውቀው? ሰው ገጭቶ ያመለጠ ይመስል! እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ የድመቷን ጭረት በጣቱ ነካው። ሁሉም ከተቀባ መኪናዋ ታምራለች፤ ግን ያልተመታች ለመሆኗ ምስክር የሚሆን አንድ ጭረት አይተርፋትም። በሩ ብቻ ከተቀባ ታስቀይማለች፤ የቀረው አካላቷ ግን ይናገርላታል።

"በሩን ብቻ" አለ። "ከበሩ አንዲት ጠብታ እንዳታልፍ።"

"ታስቀይማለች እኮ አባባ።"

"ታስቀይም!"

ቅዳሜ አዋላጇ መጣች። በሩ በዚያ በደበዘዘ ሰማያዊ መሐል እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያብለጨልጫል። ገና ሰላምታ ሳትጨርስ ዐይኗ እሱ ላይ ተተከለ።

ጋሽ ዝግታ ልርዳህን ከትከሻው ይዞ ወደ ፊት ገፋው። "ንገራት። በአፍህ ንገራት።"

ልርዳህ ማጅራቱን እያከከ ከድመቷ እስከ ስቱኮው ያለውን ሁሉ ነገራት። አዋላጇ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።

"ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ" አለች። "ግን ነገ እኔ ልሽጣት ብል ይህንን ታሪክ ማን ያምነኛል? ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልችልም።"

ብላ ሄደች። ጋሽ ዝግታ በእሷ አልተቀየመም፤ እሱም ቢሆን አይገዛትም ነበር። አንጀቱን ያሳረረው፣ ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ በገዛ ግቢው እንደ ውሸት መቆጠሩ ነው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

ቁልፉን አውጥቶ ልርዳህ እጅ ላይ ጣለው። "በል ግዛት።"

"እኔ?"

"አንተ! መኪና አማረኝ ስትል አልነበር? መስታወት ትመስላለች አላልክም? ለአዋላጇ በቆረጥኩት ዋጋ ውሰዳት።"

ልርዳህ ቁልፉን አየ፣ መኪናዋን አየ። ዞራት። ጎንበስ ብሎ ጎኗን በአንድ ዐይኑ አነጣጠረ። ከዚያ ቀጥ አለና በጣቱ አንጓ የተቀባውን በር ቋ፣ ቋ አደረገው።

"መግዛቱንስ እገዛት ነበር፣ ጋሼ" አለ ዐይኑን በጨው አጥቦ። "ግን ያው... ቀለም የነካት መኪና ናት። ትንሽ ዝቅ ካደረግክልኝ..."

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ዝግታ ቁልፉን ከልርዳህ እጅ መንጭቆ ወሰደ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ በሩን ጠረቀመው፣ መስታወቱን እስከ ላይ ዘጋ። ከውጭ ሲታይ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ መሪውን ይደበድባል፣ ድምፁ ግን አይሰማም።

"ምን እያለ ነው?" ብሎ ልርዳህ እህቱን ጠየቃት።

"አንተን ነው" አለችው። "ሂድ። ሳይጨርስ ሂድልኝ።"